የባለንብረቱ መኪና በኩባንያው ስም፦ በአሜሪካ የጥቅል ዕቃ ማመላለሻ የኪራይ ውል ታሪክ

የጭነት መኪና በቁጠባው ወይም በባንክ ብድር የገዛ ሰው፣ መኪናው ከደጁ ከቆመበት ቀን ጀምሮ የሚያስጨንቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ጭነቱ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ሞተሩ ቢጠፋ ብድሩ አይጠፋም፤ ጎማው ባይዞር የኢንሹራንሱ ክፍያ መቁጠሩን አይተውም። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ታላቅ ኩባንያ ቀርቦ፣ «መኪናህን ለእኔ ሥራ አውለው፤ ጭነቱን እኔ አቀርባለሁ፤ ሒሳብህን በየሳምንቱ እከፍላለሁ» ቢለው ግብዣው የሚናቅ አይሆንም። በዩናይትድ ስቴትስ በሺህ የሚቆጠሩ ባለመኪናዎች ይህን ግብዣ ተቀብለው ፈርመዋል። ከኢትዮጵያ ሄደው በዚያ አገር በጭነት መኪና ሥራ የተሰማሩ ወገኖችም ጥቂት ስላልሆኑ ነገሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ ወሬ ብቻ አይደለም። ውሉ ለባለመኪናው ምን ሰጠው፣ ምንስ አስከፈለው የሚለው ጉዳይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም በፍርድ ቤትም ያከራከረ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አገር የጭነት መኪና ባለቤት መሆንና ጭነት የመጫን መብት ማግኘት ለብዙ ዘመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። በ1935 የወጣው የሞተር ማመላለሻ ሕግ፣ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው በክፍያ ዕቃ የሚያጓጉዙትን ሁሉ በኢንተርስቴት ንግድ ኮሚሽን ቁጥጥር ሥር አዋላቸው። ኮሚሽኑ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት መኪናው በየትኛው መስመር እንደሚሄድና ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚጭን ይወስን ነበር፤ ታሪፉም በኮሚሽኑ ዘንድ የተመዘገበ መሆን ነበረበት። አዲስ ወረቀት የሚፈልግ ሰው አገልግሎቱ ለሕዝብ የሚያስፈልግ መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ በመስመሩ ላይ የቆዩት ኩባንያዎችም ቀርበው ይቃወሙታል። አንድ መኪና ብቻ ያለው ሰው ጠበቃ አቁሞ ይህን የመሰለውን ክርክር ይረታል ማለት ዘበት ነበር።

ስለዚህ የቀረው መንገድ ወረቀት ካለው ኩባንያ ሥር መግባት ሆነ። ባለመኪናው መኪናውንና ጉልበቱን ያቀርባል፤ ኩባንያው ወረቀቱንና ደንበኛውን ያቀርባል፤ ከጭነቱ ገቢ በመቶኛ ወይም በተጓዘው ማይል ተሰልቶ ለባለመኪናው ይከፈላል። ያልተቀነባበረ የእርሻ ምርት የሚጭን መኪና ከወረቀት ግዴታ ነጻ ነበር፤ ይሁን እንጂ ብርቱካኑን ወይም ድንቹን አራግፎ ባዶውን ላለመመለስ ሲል ለአንድ ጉዞ ብቻ መኪናውን የሚያከራይበት ባለወረቀት ኩባንያ መፈለግ ነበረበት። በኢትዮጵያ በመጋዞ ያረሰ ገበሬ ይህን ነገር ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም፤ በሬው የራሱ፣ ጉልበቱ የራሱ፣ መሬቱ ግን የሌላ ሰው ነው፤ ምርቱም ይካፈላል።

ኮሚሽኑ ይህን የኪራይ ልማድ በበጎ ዓይን አላየውም። ወረቀት ያለው ኩባንያ ለአደጋውም፣ ለሾፌሩ የሥራ ሰዓትም፣ ለጠፋው ዕቃም ተጠያቂ እንዲሆን ስለፈለገ፣ የኪራይ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዘመኑም ከ30 ቀን እንዳያንስ፣ በውሉም ዘመን መኪናው በኩባንያው ይዞታና ቁጥጥር ሥር እንዲሆን የሚያዝ ደንብ አወጣ። ኩባንያዎቹ ደንቡን ቢቃወሙም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1953 ኮሚሽኑ ደንቡን የማውጣት ሥልጣን እንዳለው ፈረደ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። «ቁጥጥር» የምትለው ቃል ወደ ደንቡ የገባችው ስለ መንገድ ደኅንነት ተብሎ ነበር፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን መኪናውን የሚነዳው ሰው ነጋዴ ነው ወይስ ተቀጣሪ በሚለው ክርክር ውስጥ ተመልሳ መጣች። ነገሩን ለማለዘብ ኮሚሽኑ በ1992 ቃሏ የሾፌሩን የሥራ ደረጃ ለመወሰን የገባች አለመሆኗን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር በደንቡ ላይ ጨመረ፤ ክርክሩ ግን በዚህ አልቆመም።

የባለመኪናው ድክመት ፈጥጦ የታየው በነዳጅ ጊዜ ነው። በ1973 መጨረሻና በ1974 መጀመሪያ የናፍጣ ዋጋ ሲያሻቅብ ባለመኪናዎች ጎዳና ዘግተው አድማ መቱ፤ በ1979 ደግሞ እንደገና አመፁ። ናፍጣውን የሚገዛው ባለመኪናው ነው፤ ታሪፉን የሚያወጣው ግን ኩባንያው፣ የሚያጸድቀውም ኮሚሽኑ ነው። ወጪው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲጨምር ገቢው በቦታው ይቆማል። መንግሥት በነዳጅ ጭማሪ ልክ ተጨማሪ ክፍያ እንዲታሰብ እስኪፈቅድ ድረስ ክፍተቱን የሚሞላው ባለመኪናው ከኪሱ ነበር።

በዚሁ በ1979 ኮሚሽኑ እስካሁንም በፌዴራል ሕግ ውስጥ ጸንቶ የሚገኘውን የኪራይ ውል ግልጽነት ደንብ አወጣ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ ደንቡ ባለመኪናው የሚከፈለው መጠን በውሉ ላይ ተለይቶ እንዲጻፍ ያዛል። የማድረሻ ሰነዶቹን ባስረከበ በ15 ቀን ውስጥ ሒሳቡ እንዲከፈለው፣ ከሒሳቡ የሚቀነሰው ሁሉ አስቀድሞ ተዘርዝሮ እንዲነገረው፣ በመቶኛ የሚከፈለው ከሆነ የጭነቱን ሒሳብ ሰነድ ለማየት እንዲችል፣ በመያዣነት የተቀመጠውም ገንዘብ ውሉ ካበቃ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ እንዲመለስለት ይደነግጋል። ኩባንያው ነዳጅ፣ ጎማ ወይም ኢንሹራንስ ከእኔ ካልገዛህ ብሎ ሊያስገድደውም አይችልም። ደንቡ በእውነቱ ለባለመኪናው ትልቅ ጋሻ ነው። ነገር ግን ክፍያው ስንት መሆን እንዳለበት ወይም ውሉ ሲያልቅ መታደስ እንዳለበት አንድም ቃል አይናገርም። ባለመኪናው ከሚያጣው ገንዘብ አብዛኛው ደግሞ የሚጠፋው በእነዚህ በሁለቱ በኩል ነው።

ፕሬዚዳንት ካርተር በጁላይ 1 ቀን 1980 አዲሱን የሞተር ማመላለሻ ሕግ ሲፈርሙ የወረቀቱ በር ተከፈተ። ብቃትና ኢንሹራንስ ያለው ሰው ሁሉ በራሱ ስም ፈቃድ ለማግኘት ቻለ። ብዙዎችም አገኙ፤ ታሪፉም ወረደ፤ በቀድሞው ጥበቃ ሥር ተመቻችተው ይኖሩ የነበሩ አያሌ ኩባንያዎችም ተዘጉ። በዚህ ጊዜ የመጋዞው ዘመን አበቃ ቢባል ለሙሉ ጭነት ሥራ እውነትነት አለው። አንድ መኪና ሙሉ ብረት ወይም ሙሉ ወረቀት ከአንድ ፋብሪካ አንሥቶ ወደ አንድ መጋዘን ለማድረስ የሚፈልገው አንድ መኪና፣ አንድ ሾፌርና አንድ ደንበኛ ብቻ ነው።

የጥቅል ዕቃ ሥራ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። በአንድ ቀን ከመቶ ሱቅ የሚሰበሰበው ጥቅል ወደ መቶ ከተማ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ማታ የሚለይበት ጣቢያ፣ ሌሊቱን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚያደርሰው ተሳቢ፣ ጧት በየበሩ የሚያከፋፍለው ሌላ መኪና፣ ጥቅሉ የት እንደ ደረሰ የሚመዘግብ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህን መረብ ማንም ባለመኪና ብቻውን ሊዘረጋው አይችልም። ዩናይትድ ፓርሴል ሰርቪስ የተባለው ኩባንያ እንኳ ጂም ኬሲ በ19 ዓመቱ፣ በ1907፣ በሲያትል ከተማ በ100 ዶላር ብድር ከመሠረተው ጀምሮ በ48ቱ ተጎራባች ስቴቶች ወደ እያንዳንዱ አድራሻ ለመድረስ እስከ 1975 ድረስ፣ 68 ዓመት ፈጅቶበታል። ከዚህም የተነሣ በጥቅል ዕቃ ዘርፍ ከ1980 በኋላ የቀድሞውን ወረቀት ቦታ የያዘው መረቡ ነው። ባለመኪናው መብቱን ከመንግሥት ቢያገኝም ጭነቱን የሚያገኘው ከመረቡ ባለቤት ነው፤ የሕጉ በር ሲከፈት የንግዱ በር በሌላ ሰው እጅ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ክርክር ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

ዩናይትድ ፓርሴል ሰርቪስ ቡናማ መኪናዎቹን በራሱ ገንዘብ እየገዛ፣ ሾፌሮቹንም በደመወዝ እየቀጠረ የሚሠራ ኩባንያ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው። ሾፌሮቹ የቲምስተርስ ሠራተኞች ማኅበር አባላት ናቸው። በ1985 ከፒትስበርግ ከተማ ተነሥቶ ሊወዳደረው የመጣው ሮድዌይ ፓኬጅ ሲስተም ግን ሌላ ዘዴ ይዞ ነበር። እናት ኩባንያው፣ የኦሃዮው ሮድዌይ ሰርቪስስ፣ በሌላው ቅርንጫፉ የቲምስተርስ አባላትን የሚያሠራ ነበር፤ በአዲሱ ቅርንጫፍ ግን ጣቢያዎቹን፣ መለያ መሣሪያዎቹንና ያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ባር ኮድ እርሱ ሲያቀርብ መኪናውንና ሾፌሩን ኮንትራክተሩ እንዲያቀርብ አደረገ። በዚህ ዘዴ ኩባንያው ለመኪና መግዣ የሚያወጣውን ካፒታል፣ የትርፍ ሰዓቱን፣ ጡረታውንና የማኅበሩን ድርድር ሁሉ አስወገደ። ሥራው ሠመረ፤ በ1998 መጀመሪያ ፌዴራል ኤክስፕረስ የእናት ኩባንያውን ሲገዛ አብሮ ገዛው፤ በ2000 ስሙ ፌዴክስ ግራውንድ ተባለ፤ በዚያው ዓመትም ወደ መኖሪያ ቤት የሚያደርሰው ቅርንጫፍ ተጨመረለት።

የኮንትራክተሩ ውል በሁለት ዓይነት ሥራ ይከፈላል፤ ጥቅሙና ጉዳቱም በሁለቱ አንድ ዓይነት አይደለም።

የመጀመሪያው የከተማው ሥራ ነው። ኮንትራክተሩ ቫኑን ይገዛል፤ ቫኑ ግን ኩባንያው ባዘዘው ነጭ ቀለም የተቀባ፣ የውስጡ መደርደሪያ በታዘዘው ልክ የተሠራ፣ በጎኑም የኩባንያው ስምና ምልክት የተለጠፈበት ይሆናል። ሾፌሩ የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ የጠጉሩና የጢሙ አያያዝ ሳይቀር በደንብ የተወሰነ ነበር። የኩባንያው ሹማምንት በዓመት እስከ አራት ጊዜ ከጎኑ ተቀምጠው አብረውት እየዞሩ አሠራሩን ሊመዝኑ ይችላሉ። የማንበቢያ መሣሪያውና የደንብ ልብሱ ዋጋ ከሳምንታዊ ሒሳቡ ይቀነሳል። ክፍያው ባቆመበት በር ብዛትና ባደረሰው ጥቅል ብዛት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ መኪናውን ለሥራ ዝግጁ አድርጎ ስላቀረበም የሚታሰብለት ነገር አለ።

ለዚህ ዓይነቱ ኮንትራክተር የውሉ ጥቅም በቀላሉ የሚታይ ነው። ደንበኛ ፍለጋ አይንከራተትም፤ ለደላላ ኮሚሽን አይከፍልም፤ ትናንሽ የጭነት ነጋዴዎችን ብዙ ጊዜ የሚያከስረው የማይከፍል ደንበኛ ዕዳም የእርሱ አይደለም። ማታ ከቤተሰቡ ጋር ያድራል። የታወቀው ስም በመኪናው ላይ ስላለ ለባንክም ሆነ ለኢንሹራንስ ኩባንያ ማንነቱን ለማስረዳት አይቸገርም። ከሁሉም በላይ የሚሠራበት ክልል በውሉ ተለይቶ የተሰጠው ስለሆነ፣ በኩባንያው ፈቃድ ለሌላ ሰው ሊያስተላልፈው ይችል ነበር፤ ክልላቸውን በትርፍ የሸጡም ነበሩ። ሁለተኛና ሦስተኛ ክልል ገዝተው፣ ሾፌር ቀጥረው ከሹፌርነት ወደ አሠሪነት የተሸጋገሩም አሉ። ባዶ እጁን ለሄደ ስደተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉዳቱ ደግሞ ከዚያው ከጥቅሙ ውስጥ ይወጣል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ በሌላው ስም የደመቀ መኪና ስሙ ሲነሣ ምን ይሆናል? በውሉ መሠረት ባለመኪናው ከሥራ ሰዓት ውጭ ምልክቱን ሸፍኖ መኪናውን ለሌላ ሥራ ማዋል ተፈቅዶለት ነበር፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ጥቅል ሲያድል ለዋለ ሰው፣ መደርደሪያ ለሞላበት ቫን ሌላ ጭነት መፈለግ የማይሆን ነገር ስለነበረ ይህን ያደረጉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ውሉ የሚቆየው ከ1 እስከ 3 ዓመት ነው፤ የመኪናው ብድር ብዙ ጊዜ ከዚያ ይረዝማል። ክልሉም ቢሆን እንደ ርስት የሚቆጠር አልነበረም፤ የጥቅሉ ብዛት ሲጨምር ኩባንያው ከፊሉን ወስዶ ለጎረቤት መኪና ሊያሻግረው ይችል ነበር። በገበያ የሚሸጠው ነገር ዋጋው የተመሠረተው ኩባንያው ውሉን ያድሳል በሚል ተስፋ ላይ ነው።

ሁለተኛው የሌሊቱ የረጅም መስመር ሥራ ነው። እዚህ ባለመኪናው የሚያቀርበው ጎታቹን መኪናና ሾፌሩን ነው፤ ተሳቢው የኩባንያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 28 ጫማ የሆኑ ሁለት ተሳቢዎች አንዱ ከአንዱ ጀርባ ተያይዘው ከአንዱ ማከፋፈያ ጣቢያ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ ክፍያውም በማይል ነው። ሾፌሩ ጥቅል አይሸከምም፤ ተሳቢውን ፈትቶ ሌላ ይቀጥላል እንጂ በመጋዘን በር ላይ ተራ ሲጠብቅ አይውልም። የጭነት መኪና ሥራ የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው በማራገፊያ ቦታ የሚባክነው ሰዓት ማንም የማይከፍልበት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ይህ ነጥብ ብቻውን ለብዙዎች ውሉን ለመፈረም በቂ ምክንያት ሆኗል። መስመሩ የታወቀ፣ ማይሉ የተቆጠረ፣ በየሳምንቱ ተመሳሳይ በመሆኑ ባለመኪናው ናፍጣውን፣ ጎማውንና የሞተር ዘይቱን አስቀድሞ ሊያሰላ ይችላል።

በሌላ በኩል ሥራው የሌሊት ነው፤ ሁለት ተሳቢ በበረዶና በነፋስ መጎተትም ልዩ መንጃ ፈቃድና ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ማይሉ የታወቀ መሆኑ የሚጠቅመው የማይሉ ዋጋ ወጪውን እስከሸፈነ ድረስ ነው። እንዲህም ሆኖ የረጅሙን መስመር ባለመኪና ከከተማው ባለቫን የሚለየው ትልቅ ነገር አለ። ጎታች መኪና ለማንኛውም ተሳቢ ይሆናል፤ ውሉ ቢቋረጥ ምልክቱን ከበሩ ላይ አንሥቶ በማግሥቱ ለሌላ ኩባንያ ወይም በራሱ ፈቃድ ሊሠራ ይችላል። የሚሸጠው ክልል ባይኖረውም የሚያጣውም ያን ያህል የለም። ሁለቱን ውሎች አመዛዝኖ ለሚያይ ሰው፣ ብዙ ተስፋ የሚሰጠው የከተማው ውል የበለጠ የሚያስር፣ ምንም ተስፋ የማይሰጠው የሌሊቱ ውል ደግሞ የበለጠ ነጻ የሚያደርግ ሆኖ ይገኛል። ለባለመኪናው ምክር የሚሰጡ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚያወዳድሩት ሳምንታዊውን ገቢ ብቻ ነው።

በሁለቱም ሥራ የዓመቱ መጨረሻ ልዩ ፈተና አለው። ከኖቬምበር የምስጋና በዓል እስከ ገና ድረስ የጥቅሉ ብዛት ስለሚያሻቅብ ኮንትራክተሩ ተጨማሪ መኪናና ተጨማሪ ሾፌር ማዘጋጀት አለበት። ጃንዋሪ ሲገባ ጎርፉ ይደርቃል፤ መኪናው ግን ይቆማል፤ ኪራዩ ወይም ብድሩ ይቀጥላል። መኪናው የኩባንያው ቢሆን ኖሮ ይህ የቦዘነ ሀብት በኩባንያው ሒሳብ መዝገብ ላይ ይታይ ነበር።

እንዲህ ያለው የሥራ ክፍፍል ሳይከሰስ አይቀርምና ክሱ ቶሎ ጀመረ። የብሔራዊ የሥራ ግንኙነት ቦርድ ገና በ1988 የሮድዌይ ፓኬጅ ሾፌሮች ተቀጣሪዎች እንጂ ነጻ ነጋዴዎች አይደሉም ብሎ ወሰነ፤ በ1998ም በካሊፎርኒያ የሚገኙትን የሁለት ጣቢያ ሾፌሮች በሚመለከት ይህንኑ ደገመ። ነገር ግን የዋሽንግተኑ ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2009 ከማሳቹሴትስ በመጣ ጉዳይ ላይ የተገላቢጦሽ ፈረደ። ሾፌሩ ክልሉን ለመሸጥ፣ ረዳት ለመቅጠርና ለማትረፍ ዕድል ያለው እስከሆነ ድረስ ነጋዴ ነው አለ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሆኑት ሜሪክ ጋርላንድ፣ በዚህ ነጥብ ተለይተዋል። ፍርድ ቤቱ በ2017 በኮነቲከት ጉዳይም በአቋሙ ጸና።

በካሊፎርኒያ ነገሩ በሌላ በኩል ሄደ። በዚያ ስቴት ሕግ አሠሪ ሠራተኛው ለሥራው ያወጣውን ወጪ መተካት ስላለበት፣ የክርክሩ ፍሬ ናፍጣውን፣ ጎማውንና ጥገናውን ማን ይክፈል የሚለው ሆነ። የስቴቱ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2007 ውሉ በብልሃት የተጻፈ መሆኑን አልካደም፤ ሆኖም በነጻ ነጋዴ ስም የተሸፈነ የቅጥር ግንኙነት ነው ሲል ፈረደ። በ2014 ደግሞ የዘጠነኛው ሰርኪዩት ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ከ2000 እስከ 2007 በካሊፎርኒያ የሠሩ 2,300 ያህል ሾፌሮች ባቀረቡት ክስ፣ የቀለሙን፣ የመደርደሪያውንና የጠጉሩን ደንብ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ሾፌሮቹ ተቀጣሪዎች ናቸው አለ። አንዱ ዳኛ ለሊንከን ይነገር የነበረውን እንቆቅልሽ በፍርዱ ላይ ጠቅሰዋል፤ የውሻን ጅራት እግር ብለን ብንጠራው ውሻ ስንት እግር ይኖረዋል? መልሱ አራት ነው፤ እግር ተብሎ ስለተጠራ ጅራት እግር አይሆንም። የካንሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ፍርድ ሰጠ። ኩባንያው የካሊፎርኒያውን ጉዳይ በ2015 በ228 ሚሊዮን ዶላር፣ የ20 ስቴቶችን ጉዳይ ደግሞ በ2016 በ240 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ለመጨረስ ተስማማ። በሁለተኛው ስምምነት የተካተቱት ሾፌሮች ወደ 12,000 ይጠጋሉ፤ የጠበቃ ክፍያ ሳይነሣ ገንዘቡ በነፍስ ወከፍ ቢካፈል ለካሊፎርኒያው ሾፌር የሚደርሰው ከሌሎቹ አምስት እጥፍ ያህል ነው። አንድ ዓይነት ውል፣ አንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት ነጭ ቀለም ሆኖ፣ የሾፌሩን ዕድል የወሰነው የሚኖርበት ስቴት ሆነ።

በ2018 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳይናሜክስ በተባለው የመልእክትና የጥቅል አመላላሽ ጉዳይ የበለጠ ጠንካራ መመዘኛ አወጣ። ይህ ኩባንያ በ2004 ተቀጣሪ ሾፌሮቹን በአንድ ጊዜ ወደ ኮንትራክተርነት የለወጠ ነበር። በአዲሱ መመዘኛ ሠሪው ነጻ ነጋዴ እንዲባል ከሌሎቹ ነጥቦች በተጨማሪ ሥራው ከአሠሪው መደበኛ ሥራ ውጭ መሆን አለበት። ጥቅል ማድረስ ሥራው ለሆነ ኩባንያ ጥቅል አድራሹን ከሥራዬ ውጭ ነው ማለት እንዴት ይሆንለታል? መመዘኛው ከ2020 ጀምሮ በስቴቱ ሕግ ውስጥ ገባ።

የኩባንያው መልስ መኪናዎቹን መግዛት አልነበረም፤ የውሉን ወገን መለወጥ ነበር። ፌዴክስ ግራውንድ አንድ መኪናና አንድ ሾፌር ብቻ ያለውን ግለሰብ እየተወ፣ በድርጅትነት ከተመዘገቡና ብዙ መኪና ከያዙ ኮንትራክተሮች ጋር ብቻ ወደ መዋዋል አዘነበለ። ሾፌሩ የኮንትራክተሩ ተቀጣሪ ሆነ፤ ደመወዙ፣ ግብሩና የጉዳት ካሣው የኮንትራክተሩ ኃላፊነት ሆነ። አማዞንም በ2018 ከ10,000 ዶላር በማይበልጥ መነሻ ገንዘብ ማንም ሰው የማድረሻ ድርጅት ሊያቋቁም ይችላል እያለ ኮንትራክተሮችን መጋበዝ ጀመረ፤ በእርሱ ዘዴ ግን ቫኖቹን በቅናሽ ኪራይ የሚያመቻቸው ኩባንያው ነው። ጎታች መኪናውን ወይም ቫኑን ራሱ ገዝቶ ራሱ የሚነዳው ሰው በከተማው የጥቅል ሥራ ያለው ቦታ በዚህ ለውጥ እጅግ ጠበበ።

ለውጡ ግን የቀድሞውን ችግር ወደ ላይ አንድ ደረጃ አሻገረው እንጂ አላስወገደውም። በ2022 የናፍጣ ዋጋና የሾፌር ደመወዝ አብረው ሲያሻቅቡ የፌዴክስ ግራውንድ ኮንትራክተሮች ክፍያችን ወጪያችንን አይሸፍንም ማለት ጀመሩ። አቤቱታቸው ባለመኪናዎች በ1974 በጎዳና ላይ ካሰሙት ብዙ የተለየ አልነበረም፤ ወጪው የእነርሱ፣ ታሪፉ የሌላ ነው። በይፋ ተነሥቶ አቤቱታውን ያስተባበረው አንድ ትልቅ ኮንትራክተር በዚያው ዓመት ኦገስት ውሉ ተቋረጠ። በአንጻሩ ዩናይትድ ፓርሴል ሰርቪስና የቲምስተርስ ማኅበር በ2023 አድማ ከመደረሱ በፊት ተስማሙ። ኩባንያው እንዳስታወቀው በአምስት ዓመቱ ውል ማብቂያ ላይ የሙሉ ጊዜ ሾፌር ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም በአማካይ በዓመት ወደ 170,000 ዶላር ይደርሳል። ይህ ሾፌር መኪና አልገዛም፤ የሚሸጠውም ክልል የለውም። ማኅበሩ በ1997 ከ185,000 ሠራተኞች ጋር ለ15 ቀን አድማ መትቶ ስለነበር፣ በ2023 ድርድር ሲቀመጥ ኩባንያው የሚያስታውሰው ነገር ነበረው።

በጁን 1 ቀን 2024 ፌዴክስ በአውሮፕላን የሚሠራውን በተቀጣሪ ሾፌሮች የሚያንቀሳቅሰውን ኤክስፕረስና በኮንትራክተር የሚያንቀሳቅሰውን ግራውንድ በአንድ ኩባንያ ሥር አዋሃደ። ሁለቱ መረቦች ሲደራረቡ በአንዳንድ ከተማ የኤክስፕረሱን ጥቅል የማንሣትና የማድረስ ሥራ ኮንትራክተሮች ተረከቡ፤ በአላስካ፣ በሃዋይና በካናዳ ደግሞ የኩባንያው ተቀጣሪዎች የኮንትራክተሮቹን ሥራ ተረከቡ። የትኛው መስመር ለማን እንደሚደርስ የወሰነው ኩባንያው ነው፤ ሥራው ለተቀጣሪዎች በተሰጠበት ቦታ ኮንትራክተሩ በእጁ የቀረው መኪናው ነው።